የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ስንት ነው?

በደጀን ወረዳ የምትገኘው የጥኖራ በ1970ዎቹ ዓመታት በአምራች ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበሯ ስሟ በአገሪቱ የታወቀ ነበር። በእነዚያ ማኅበራት የእያንዳንዱ አባል ሥራ በነጥብ ይያዝ ስለነበር፣ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ መዝገቡ ይናገር ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ መሬቱ ለየአባወራው ሲከፋፈል፣ መዝገቡም አብሮ ቀረ።

ያ አሠራር ይመለስ ለማለት አይደለም። ሆኖም ምሥራቅ ጎጃም በሕዝብ ብዛቱ ከአንዳንድ አገር ይበልጣል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 2,153,937 ሰው ተቆጥሮበታል፤ ጎረቤታችን ጅቡቲ ከሁለት ዓመት በኋላ ሕዝቧን ስትቆጥር ያገኘችው 818 ሺህ ያህል ነበር። ከእኛው ከአሥሩ ሰው ዘጠኙ ገጠሬ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ በ2009 ዓ.ም. ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንዲሁ።

በክልሉ በ1989 ዓ.ም. መሬት ሲደለደል ገና ያልተወለደው ልጅ፣ በ1999ኙ ቆጠራ የሰፈረው በሕፃንነቱ ነው። ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ወይ ከወላጁ ተካፍሎ፣ ወይ ተከራይቶ፣ ወይ የእኩል ያርሳል፤ ካልሆነለትም ወደ ከተማ ይሄዳል። በየቀበሌው እንዲህ ያለው ወጣት ስንት ነው ቢባል፣ ከግምት በቀር ምን መልስ አለ?

ከቆጣሪ መሸሽ በዚህ አገር ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ገማቹን አላስገባም ብሎ መሣሪያ አነሣ። ነገሩ የአየር ኃይል ቦምብ እስከ መጣል ደርሶ፣ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ጥርጣሬው ከዚያ የተወረሰ ነውና አይፈረድበትም። ዳሩ ግን የገጠር ግብር የሚጠየቀው በመሬት ስፋት ነው። የተደበቀ ልጅ ከግብሩ የሚቀንሰው የለም፤ የሚቀርበት የመማሪያ ክፍልና ክትባት ነው።

ቆጠራው እስኪመጣ በቀበሌ መሪው እጅ ያለው የወሳኝ ኩነት መዝገብ ነው። ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረ ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው። አስቸጋሪው ሞት ነው፤ ሐዘንተኛ ከድንኳን ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ቤት አይሄድም። ማን እንደተቀበረ ግን የእድር ዳኛውና ቄሱ ያውቃሉ። መሪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እነርሱን ቢጠይቅ፣ ቤተሰቡ ለአርባው ጠላ ከመጥመቁ በፊት ቀኑ ሳያልፍ ሊደርስለት ይችላል።