አባባ ጀፎረው ላይ ጫማውን አወለቀ

ዛሬ ለየት ያለ ጽሑፍ ይዤ መጥቻለሁ። ስለ እግር ጉዞ፣ ስለ ስኳር ህመምና ስለ አባቴ እግር ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቤታችሁ የስኳር ታማሚ ካለ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አባቴ ተወልዶ ያደገው ጉራጌ ዞን፣ ቸሃ ውስጥ ከእምድብር ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ መርካቶ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ነገደ። ጠዋት ሱቅ ይቀመጣል፣ ማታ በታክሲ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስኳር እንዳለበት ካወቅን 12 ዓመት ሆነን። "አባባ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ በእግርህ ሂድ" ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነበር፦ "የት ልሂድ ልጄ? መንገዱ ሁሉ መኪና ነው።"

ባለፈው መስቀል አብረን አገር ቤት ገባን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲው ያለበትን ጉብሬን አልፈን ወደ እምድብር ወጣን። በማግስቱ ጠዋት አባባ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተነስቶ "ነይ፣ ጀፎረን ላሳይሽ" አለኝ።

ጀፎረን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሃል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳና ነው። ግራና ቀኙ ጎጆ ቤቶች ተሰልፈዋል፤ ከየቤቱ ጀርባ የእንሰት ጓሮ አለ። ጀፎረው የማንም የግል አይደለም፣ የሁሉም ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይደረግበታል፣ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ከብት ይግጥበታል። ሰው አጥሩን ወደ ጀፎረው ገፋ ካደረገ የሚጠይቁት ሽማግሌዎች ናቸው። ትኬት የለውም፣ አስጎብኚ የለውም፣ ቀስት የተሳለበት ታፔላም የለውም። ሣሩን ተከትላችሁ መሄድ ብቻ ነው።

ቀስ ብለን ሄድን። በየደጁ ሰላምታ አለ፣ በየደጁ "ግቡ፣ ቡና ጠጡ" አለ። መርካቶ ከሱቁ እስከ ታክሲው ድረስ ሲሄድ የሚያማርር ሰውዬ እዚህ አንድ ሰዓት ሄዶ ድካም አላነሳም። ሐኪም ሆኜ ስታዘበው፣ ሰው እግሩን የሚያንቀሳቅሰው ምክር ስለሰማ ሳይሆን የሚሄድበት ደስ የሚል ቦታና የሚያገኘው ሰው ሲኖር ነው።

የአጎቴ ሚስት ቤት ስንደርስ አስፈቅደን ወደ ጓሮ ገባን። እንሰት ከሩቅ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ በመካከል እየተነቀለ ቦታ እየቀየረ ይተከላል። ሴቶቹ ፍቀው ጉድጓድ ውስጥ ሲያብላሉት ቆጮ ይሆናል፤ ቡላውም ከዚያው ነው የሚወጣው፤ ሥሩ ሲቀቀል ደግሞ አሚቾ ይባላል። በአገራችን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው። አባባ የእንሰቱን ዓይነት በቅጠሉ ቀለም እየለየ ስሙን ጠራልኝ። "ይቺ አስታራ ናት፤ አጥንቱ ለተሰበረ ትሰጣለች" አለኝ። ባህሉን አከብራለሁ፤ ቢሆንም አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ራጅ ተነሱ፣ አሚቾውን ከዚያ በኋላ ብሉ።

እኔ ስልኬን አውጥቼ እንሰቱን ፎቶ ሳነሳ አባባ ወደ ጀፎረው ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ ሣሩ ላይ እየሄደ ነው።

"አባባ! ጫማህን!"

"ተይኝ ልጄ፣ እዚህ ሣር ላይ በጫማ ሄጄ አላውቅም። ደግሞ ምንም አልተሰማኝም" ብሎ ሳቀ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን እሱ "ምንም አልተሰማኝም" ያለው ነገር ነው።

ማታ በግድ አስቀምጬ እግሩን አየሁ። በግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር የጥፍር ያህል ቁስል አለ፤ ደሙ ደርቋል። እሾህ ይሁን ስለታም ድንጋይ አላወቅንም። እሱም አላወቀም። በጣቴ ጫን ስለው ፊቱ ላይ ምንም ለውጥ የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ። ታካሚዎቼን በየቀኑ "ጫማችሁን አውልቁ፣ እግራችሁን ልይ" እላለሁ። የገዛ አባቴን እግር ካየሁ ግን ከዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። "ስኳርህ ስንት ነው?" ብዬ በስልክ እጠይቃለሁ፤ ቁጥሩን ይነግረኛል፤ በቃ። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቁስሉን በንጹህ ውሃና በሳሙና አጥቤ በንጹህ ጎዝ ሸፈንኩት፤ በማግስቱ ጤና ተቋም ሄደን በየጊዜው ክትትል ተደረገለት። ያቺ የጥፍር ያህል ቁስል እስክትድን አምስት ሳምንት ፈጀች። ባናያት ኖሮስ? እኛ ሐኪሞች መጨረሻውን እናውቀዋለን፦ ኢንፌክሽን፣ ከዚያ ጋንግሪን፣ ከዚያ እግር መቆረጥ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግር ነርቮችን ይጎዳል። መጀመሪያ መደንዘዝ፣ ማቃጠል ወይም መጠዝጠዝ ይመጣል፤ ቆይቶ ስሜቱ ይጠፋል። የደም ስሮችም ስለሚጠቡ ቁስል ቶሎ አይድንም። የማያም ቁስል ደግሞ ማንም አያየውም።

ስለዚህ የስኳር ታማሚ ከሆናችሁ፦

👉 በየማታው እግራችሁን ከላይ፣ ከሥርና በጣቶች መካከል እዩ። ማጎንበስ ካቃታችሁ መስታወት ተጠቀሙ፣ ወይ የቤት ሰው ይይላችሁ።

👉 ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አትሂዱ። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ውስጡን በእጅ ፈትሹ፤ ጠጠር ሊኖር ይችላል።

👉 ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ሙቀቱን በእግር ሳይሆን በክርን ለኩ። በጣቶች መካከል በደንብ አድርቁ። ቅባት ተቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ።

👉 ትንሽ ቁስልም ብትሆን "ስላላመመኝ" ብላችሁ አትቆዩ፤ በማግስቱ ታዩ። ባይኖርም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እግራችሁን በሐኪም አስመርምሩ።

👉 ለረጅም ጉዞ አዲስ ጫማ አታድርጉ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ኪኒን የምትወስዱ ከሆነ ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስ ያዙ። ካላባችሁ፣ ከተንቀጠቀጣችሁ ወይም ዓይናችሁ ብዥ ካለ ተቀመጡ፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላችሁ ድገሙት።

ስኳር የሌለባችሁም ጫማ አትርሱ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ ብዙዎቻችን ዝሆኔ የምንለው ነው። እርግማን አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ ይከላከለዋል።

ስለ ማዕዱም አንድ ነገር ልበል። ቆጮ በአብዛኛው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ ጥቂት ነው። ጉራጌ ቆጮን ከጎመን፣ ከአይብና ከክትፎ ጋር ማቅረቡ እንግዲህ ጥበብ ነው። ስኳር ያለበት ሰው የሳህኑን ግማሽ ጎመን፣ ሩቡን አይብ ወይም ሥጋ፣ ሩቡን ቆጮ ያድርግ። ክትፎውን ግን አብስሉት፤ ጥሬና ለብ ለብ የኮሶ ትል መንገድ ነው። (አጎቴ ይህን ስል ተቀይሞኛል፤ ይቅር ይበለኝ።)

በቡታጅራ በኩል የምትሄዱ ደግሞ በመንገዳችሁ የጢያን ትክል ድንጋዮች ታያላችሁ፤ ከተማዋ ስትደርሱ የዘቢዳር ተራራ ከፊታችሁ ይቆማል። ቁመቱ ወደ 3,700 ሜትር ስለሆነ የልብ ወይም የሳንባ ህመም ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትውጡት። ቡታጅራ ለእኛ ለሐኪሞች ሌላም ስም አላት፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የገጠሩን ሕዝብ ጤና የሚከታተል የታወቀ የጥናት ጣቢያ ያለባት ናት።

ለአዋቂ ሰው የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። አባባ አሁን በየጠዋቱ ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ይሄዳል፣ ካልሲና ጫማ አድርጎ። "እንደ ጀፎረ አይሆንም" ይላል። አይሆንም። በአንዳንድ መንደር ጀፎረው ራሱ በአጥርና በባሕር ዛፍ እየጠበበ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ካልጠበቁት ልጆቻችን አያገኙትም።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ በየእሑዱ ቤቱ እሄዳለሁ። ገና ከመግባቴ ካልሲውን አውልቆ "ነይ፣ እይው" ይለኛል። እናንተም ዛሬ ማታ የአባታችሁን፣ የእናታችሁን እግር እዩ። ስልክ ላይ የሚነገራችሁ ቁጥር አይበቃም።

ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለምታውቁት የስኳር ታማሚ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።