የመተማን ድንጋይ የሚያፈርሰው ማን ነው?

ስለ መተማ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያነሣው፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁበትን የጦር ሜዳ፣ ወይም ሰሊጡንና ጥጡን፣ አለዚያም በሱዳኗ የድንበር ከተማ በገላባት በኩል የሚመጣውንና የሚሄደውን ንግድ ነው፤ ሰሊጡን የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ራሱ ከምን እንደ ተወለደ፣ የወለደውም ድንጋይ በማን ኀይል እንደ ፈረሰ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ነገሩ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ገበሬው ከሚያርሰው፣ ነጋዴው ከሚሸጠው፣ መንግሥትም ከሚቀርጠው አስቀድሞ በድንጋይና በአየር መካከል የተፈጸመ አንድ ረቂቅ ግብር አለ፤ ያም ግብር ባይኖር ኖሮ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከዳር እስከ ዳር አለት ሆኖ በቀረ ነበር።

ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በነጋዴ ባሕር አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ የሚወርድ መንገደኛ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ሲደርስ፣ ዐይኑን ከመስኮት ሳያነሣ ቢመለከት፣ በተዳፋቱ ላይ ቀይና ቡናማ የነበረው አፈር ሜዳው ላይ ሲደርስ ጥቁር ዋልካ ሆኖ ያገኘዋል። የሁለቱም ወላጅ በአብዛኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው፣ በአንዳንድ ስፍራ ተደራርቦ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ውፍረት የደረሰው፣ ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚህ ድንጋይ ክብደት ከመቶ አሥር እጅ ገደማው ከኦክሲጅን ጋር የተጣመረ ብረት ነው፤ እኔ የምተርከውም የዚህን ብረት ታሪክ ነው።

መሠረቱ በአጭሩ ይህ ነው። ፍጥረት ሁሉ ከአቶም የተሠራ ነው፤ አቶምም ኤሌክትሮን የሚባሉ ረቂቃን አሉት፤ ኤሌክትሮን የሰጠው ኦክሳይድ ሆነ ይባላል፣ የተቀበለው ደግሞ ሪዲዩስ ሆነ ይባላል፤ ያለ ተቀባይ ሰጪ ስለሌለም ሁለቱ ምን ጊዜም አብረው ይፈጸማሉ። ፈረንሳዊው ላቯዝዬ እ.ኤ.አ. በ1777 ኦክሲጅንን በስሙ ሲጠራው መቃጠልና መዛግ በአንድ ሕግ የሚገዙ መሆናቸውን ተረድቶ ነበር፤ ኤሌክትሮን ግን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1897 ስለሆነ፣ የሰጪና የተቀባዩ ትምህርት የተሟላው ከዚያ ወዲህ ነው። በባዛልት ውስጥ ያለው ብረት በአብዛኛው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ የሰጠ ነው፤ ሦስተኛውን ይዞ ተቀባይ ይጠብቃል። አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮን የመቀበል ዐቅም ስላለው፣ ከአራት የብረት አቶሞች አንድ አንድ ይወስዳል። ሁለት የሰጠው ብረት በውኃ ይሟሟል፤ ሦስት የሰጠው ግን በተራ ውኃ ውስጥ መሟሟትን ትቶ ቡናማ፣ ቢጫ ወይም ቀይ ዝገት ሆኖ ይቀመጣል። ከዚህ በታች ያለውን ለመረዳት ይህ ይበቃል።

አሁን ልቤ ወደሚከነክነው ነገር ልምጣ። በመተማ አገር ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ድንጋይን የሚያፈርሰው ፀሐይ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለ። ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ድንጋዩም እጅ የማያስነካ ሲሆን፣ ይህን ያላለ ማን አለ? በሸኸዲ አቅራቢያ አንድ የተሰነጠቀ ድንጋይ ሳገላብጥ ያገኙኝ አረጋዊ፣ «ልጄ፣ የእኛ አገር ፀሐይ እንኳን ሰውን ድንጋይንም ይሰነጥቃል፤ ምን ትመረምራለህ?» ብለውኛል። አክብሬ ሰማኋቸው፤ ነገር ግን አልተቀበልሁም፤ በዚያው ቀን ጥቂት ራቅ ብሎ መንገድ ለመሥራት ወደ ተቆረጠ ገደል ይዣቸው ሄጄ፣ «አባቴ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አልኋቸው። ከገደሉ ራስ ላይ፣ በዋዕየ ፀሐይ የኖረው ድንጋይ መዶሻ ሲነካው ይጮህ ነበር፤ ከእርሱ በታች፣ ሁለትና ሦስት ሜትር አፈር ውስጥ ተቀብሮ ፀሐይ አንድ ቀን አይታው የማታውቀው ድንጋይ ግን በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል። ፀሐይ ዋናዋ አፍራሽ ብትሆን ኖሮ የላይኛው ቀድሞ በበሰበሰ፣ የታችኛውም በጸና ነበር። አረጋዊው ፍርፋሪውን በመዳፋቸው እያሹ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያስ ውኃው ነዋ!» አሉ።

ይህ እምነት የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም፤ በሰሐራና በሌሎች በረሃዎች የተጓዙ የአውሮፓ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ያስተምሩ ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ዴቪድ ግሪግስ እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመው ፈተና ግን ነገሩን አናወጠው። ግሪግስ አንድ የግራናይት ድንጋይ ወስዶ በኤሌክትሪክ እያጋለ፣ በነፋስ እያቀዘቀዘ፣ የሙቀቱንም ልዩነት ወደ 110 ዲግሪ እያደረሰ፣ 89,400 ጊዜ መላልሶ ፈተነው፤ ይህም በየቀኑ አንድ ጊዜ መሞቅና መቀዝቀዝ ቢቆጠር የ244 ዓመት ቀንና ሌሊት ማለት ነው። በመጨረሻ ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር ሲመረምረው ለውጥ አላገኘበትም። ከዚያም ነፋሱን ትቶ በውኃ እየረጨ ቢያቀዘቅዘው፣ ከሁለት ዓመት ተኩል በማይበልጥ ዘመን በሚመዘን ፈተና የድንጋዩ ልስላሴ ጠፋ፣ ስንጥቅም ታየበት። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ፈተናው በትንሽ ድንጋይ የተደረገ በመሆኑ ትልቁን አለት እንደማይወክል፣ ሙቀትም ጥቃቅኑን ስንጥቅ ማስረዘም እንደሚችል አስረድተዋል፤ እኔም ፀሐይን ከሥራው ፈጽሜ አላወጣትም። ነገር ግን ፀሐይ ብቻዋን፣ ያለ ውኃና ያለ አየር፣ የመተማን ሜዳ ሠራች የሚለውን ማንም ሰው ሲናገር ዝም ብዬ ልሰማው አልችልም።

ሊቃውንቶቻችን ከጥንት ጀምሮ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የፍጥረት አራት ባሕርያት ናቸው ብለው አስተምረዋል፤ ድንጋይ ሲፈርስ የሚታየውም ከእሳት የተወለደውን አለት ውኃና ነፋስ ተባብረው ወደ መሬትነት ሲመልሱት ነው። የሰኔ ዝናብ ሲወርድ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚመጣ ለስላሳ አሲድ ነው፤ አፈር ውስጥ ሲገባም ከሥሮችና ከተሐዋስያን እስትንፋስ የበለጠ ይጨምራል። ይህ ውኃ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ካልሲየሙን፣ ማግኒዥየሙንና ሶዲየሙን እየነቀለ ይወስዳል፤ ሲሊካውና አሉሚኒየሙ ሸክላ ሆኖ ይቀራል፤ ብረቱን ደግሞ ውኃው አዝሎት የመጣው ኦክሲጅን ያገኘዋል። ሦስተኛውን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ዝገት የሆነ ብረት ከበፊቱ የሰፋ ቦታ ስለሚይዝ፣ ከውስጥ ሆኖ ድንጋዩን ይገፋዋል፤ ስንጥቁ ይሰፋል፣ በሰፋው ስንጥቅ ሌላ ውኃና ሌላ ኦክሲጅን ይገባል፣ እርሱም ጠልቆ ሌላውን ብረት ያገኛል። ማዕዘኑ ከሁለትና ከሦስት ወገን ስለሚጠቃ ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ አራት ማዕዘን የነበረው ድንጋይ ውሎ አድሮ ይድቦለቦላል፣ እንደ ሽንኩርትም ንብርብር ልጣጭ ያወጣል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ዳር እንዲህ ያለውን ድቡልቡል ድንጋይ ያላየ የለም፤ ሰው የቆለለው ወይም ጎርፍ ያንከባለለው የሚመስላቸው ግን ብዙዎች ናቸው። በመዶሻ ለሁለት ቢከፍሉት ዳሩ ቡናማ ቅርፊት፣ መካከሉ ሰማያዊ ጥቁር ነው፤ የቅርፊቱና የእምብርቱ ወሰን ኦክሲጅን እስከ ዛሬ የደረሰበት ስፍራ ነው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የዘመን ምልክት በእጄ ይዤ አላውቅም።

ይህን የተፈጥሮ ሥራ ወደ ኋላ የመለሱትንም ማስታወስ ይገባል። በዚያው በጎንደር አውራጃ ዝገት የሆነውን ማዕድን ከከሰል ጋር በወናፍ እያናፉ ያቀለጡ ባለ እጆች፣ ከእነርሱም መካከል ቤተ እስራኤል፣ የሚሠሩት ኤሌክትሮኑን ለብረቱ መልሶ የማስረከብ ሥራ ነበር። ማረሻውን ከእጃቸው የተቀበለው ሕዝብ ቡዳ እያለ ስማቸውን ማጥፋቱ እስካሁን የሚያሳፍር ነው። የዛሬውም ባለ ትራክተር ከነቀፋ አያመልጥም፤ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ማረሻ ሳያጥብና ዘይት ሳይቀባ፣ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ጥሎት እያየሁ ስንት ጊዜ አዝኛለሁ። ግንበኞችም የምሰሶውን ብረት በቂ ሲሚንቶ ሳያለብሱት ይተዉታል፤ ብረቱ ሲዝግና ሲያብጥ ግድግዳውን የሚሰነጥቀው ድንጋዩን በሰነጠቀበት በዚያው ሕግ ነው።

የኦክሲጅን ሥራ የዛሬ ብቻም አይደለም። በአይከል አካባቢ፣ በጭልጋ፣ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላቸው የዝሆን ዘመዶች አጥንትና የዕፅዋት ቅሪት የተገኘበት የደለል ክምችት አለ፤ በዚያም የጥንት ቀይ አፈርና የድንጋይ ከሰል በአንድ ሸለቆ ተደራርበው ይታያሉ። ቀዩ አየር እንደ ልቡ የገባበት መሬት ነበር፤ ከሰሉ ግን ውኃ የተኛበትና ኦክሲጅን ያጣ ረግረግ ስለነበረ፣ የወደቀው ዕፅ ሳይቃጠልና ሳይበሰብስ ቀርቷል።

የመተማው ዋልካም ከዚህ ትምህርት አይወጣም። ብዙ ሰው ጥቁረቱን አይቶ በብስባሽ የሰባ ነው ይላል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ያለው ብስባሽ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ገደማ ነው። ጥቁር ያደረገው ያች ጥቂት ብስባሽ ከሸክላው ጋር አጥብቃ መያያዟ፣ ቀዩም ዝገት ሊያለብሰው አለመቻሉ ነው። በበጋ ሰው እግሩን እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጥና ስንጥቁን ዘግቶ ውኃውን ከላይ ያስተኛል። ውኃ ሲተኛበት ያለችው ኦክሲጅን ቶሎ ታልቃለች፤ ተሐዋስያኑም መተንፈስ ስላለባቸው ኤሌክትሮናቸውን የሚቀበልላቸው ሌላ ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያ ናይትሬትን፣ ቀጥሎ ማንጋኒዝን፣ ከዚያም የዛገውን ብረት ይይዛሉ። ናይትሬቱ ኤሌክትሮን ሲቀበል ናይትሮጅን ሆኖ ወደ አየር ይበተናል። እንግዲህ ውኃ የተቋጠረበትን፣ ቦይ ያልወጣለትን የሰሊጥ ማሳ ማዳበሪያ የሚጨምርለት ገበሬ፣ ገንዘቡን ለሰማይ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ። ሰሊጥ ራሱ ውኃ የተኛበትን መሬት የማይታገሥ ሰብል ነው፤ ከማዳበሪያው አስቀድሞ ቦዩ መቆፈር አለበት፤ ይህን በየዓመቱ የሚነግሩትን የግብርና ባለሙያዎችም እንደ ሰነፍ ተናጋሪ አይቁጠራቸው።

በመጨረሻ ስለ ጉድጓድ ውኃ አንድ ነገር ልናገር። ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ በአንዲት መንደር፣ ሴቶች ከቧንቧው የቀዱት ውኃ ጠዋት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ማታ ቡናማ ስለሚሆንባቸው፣ ሻዩም ስለሚጠቁርባቸው፣ ውኃው ተመርዟል ብለው ትተውት ከወንዝ ሲቀዱ አገኘኋቸው። ኦክሲጅን በሌለበት በጥልቅ መሬት ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ የሰጠ ብረት ተሟሙቶ ይኖራል፤ ወደ ላይ ሲወጣ አየር ያገኘውና ሦስተኛውን ሰጥቶ ዝገት ይሆናል፤ ሻዩን ያጠቆረውም የሻዩ ታኒን ከብረቱ ጋር መጣመሩ ነው። በሊትር ከ0.3 ሚሊግራም ያለፈ ብረት ልብስን ያቀልማል፣ ጣዕምንም ይለውጣል እንጂ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም፤ የወንዙ ውኃ ግን በሽታ ሊያመጣ ይችላልና መተካካቱ ጉዳት ነበር። ከአንዱ እንስራ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ ደጋግሞ በማፍሰስ አየር ማስገባት፣ ሌሊቱን ማሳደር፣ ጠዋት በታጠበ አሸዋ ማጥለል ብረቱን ያስቀረዋል። አሸዋው ቡናማ ሲሆን ማጠብ ወይም መለወጥ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ብረትን እንጂ ተሐዋስያንን ስለማያስወግድ ግን፣ የሚጠጣውን ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ወይም በጤና ባለሙያ ምክር ክሎሪን መጨመር የግድ ነው።