የካምቢዮ ተሸካሚ ብረት፦ ከውፍረት በፊት ማዕዘን

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው የጠጠር መንገድ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጠውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል። በእንዲህ ያለ መንገድ የመኪና ሻንሲ ደጋግሞ ይጠማዘዛል። ካምቢዮው በሌላ ዓይነት የተተካ መኪና ደግሞ ሁለቱን የሻንሲ ጎኖች አገናኝቶ ካምቢዮውን ከኋላ የሚሸከም አዲስ አግዳሚ ብረት ሊያስፈልገው ይችላል።

በሥራው ቀዳሚው ጥያቄ የብረቱ ውፍረት ሳይሆን የካምቢዮው ማዕዘን ነው። አዘንብሎ የሚሠራ ክሮቼራ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። ሁለት ክሮቼራዎች ይህን መዛባት እርስ በርስ የሚያጣፉት የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ ትይዩ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው በክሪክ ተደግፎ ማዕዘኑ ሳይለካ ብረት አይቆረጥም።

ጥንካሬ ቀጥሎ ይመጣል። ስፋቱ ሳይለወጥ ቁመቱ በእጥፍ ያደገ ድፍን ብረት መጉበጥን በ8 እጥፍ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ከሻንሲው በታች ከወረደ ድንጋይ ያገኘዋል።

ብረቱ ከሻንሲው ጋር በብሎን፣ ከካምቢዮው ጋር በጎማ መያያዝ አለበት። ጎማ ከሌለ ጥምዘዛው ወደ ካምቢዮው ቅርፊት ይተላለፋል፤ ብረቱ ከተበየደ ደግሞ ፍሪሲዮን ለመቀየር መቁረጥ ሊጠይቅ ነው። በአምባው ላይ ለቆመ መኪና ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።