ዋግን የሚቋቋም ስንዴ ኋላ ለምን ይሸነፋል?

«ዘሩን ስትሰጡን ዋግ አይነካውም ብላችሁን ነበር» የሚለው የገበሬ ቅሬታ ለልማት ሠራተኛው አዲስ አይደለም። ቅሬታው ተገቢ ነው። ቃሉ በተነገረበት ጊዜ ግን ሐሰት አልነበረም፤ ስንዴው እንደነበረ ሳለ ዋጉ ተለውጧል።

በአገራችን ይህ ደጋግሞ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተለቀቀው እንኮይ ሃያ ዓመት ያህል አገልግሎ በ1993 እና በ1994 በግንድ ዋግ ተመታ። ዳሸን በ1984 ተለቅቆ በ1988 ለቢጫ ዋግ እጁን ሰጠ። በ2010 ደግሞ በስፋት ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ጋላማ በቢጫ ዋግ ተጠቁ። በዚያን ጊዜ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ቢጫ ዋጉን በመቋቋሙ ዘሩ በአርሲና በባሌ በፍጥነት ተስፋፋ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ2013 መኸር፣ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲገሉን አጠፋው። በአንዳንድ ማሳዎች ለማጨድ የሚበቃ ፍሬ እንኳ አልተገኘም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዲገሉ የግንድ ዋግን የሚከላከለው በዋናነት በአንድ ጂን ነበር። እንዲህ ያለው መከላከያ እስከሠራ ድረስ ፍጹም ነው፤ ማሳው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ዋግ ግን በነፋስ የሚጓዝ ስፍር ቁጥር የሌለው ዱቄት ያመርታል። ከዚያ ሁሉ መካከል ያንን አንድ ጂን የሚያልፍ ሲገኝ፣ ወረዳው በሙሉ ያንኑ ዝርያ ዘርቶ ከጠበቀው የሚያግደው ነገር የለም።

ሌላም ዓይነት መቋቋም አለ። አነስተኛ ኃይል ያላቸው ብዙ ጂኖች ተባብረው የሚሰጡት ነው። በዚህ ዝርያ ላይ ዋጉ ይታያል፤ ነገር ግን ቁስሉ አነስተኛ፣ ሥርጭቱም ዝግ ያለ ስለሆነ ፍሬው ይሞላል። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ጥቂት ነጠብጣብ አይቶ እንዲህ ያለውን ዝርያ መጣል ልማዳችን ሆኗል። በእኔ አስተያየት ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ለረጅም ዘመን የሚቆየው መቋቋም ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነውና።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘር ሲያዝዙ ለአባሎቻቸው ሁለት ወይም ሦስት ዝርያ ቢያቀርቡ፣ እያንዳንዱም ለየብቻው በየማሳው ቢዘራ፣ አንዱ ቢሸነፍ ሌላው ቤተሰቡን ያተርፋል። ስማቸው የተለያየ ሁለት ዝርያዎች አንድ ዓይነት ጂን ሊኖራቸው ስለሚችል ግን ከማዘዝ በፊት የምርምር ማዕከሉን መጠየቅ ያሻል። እንደ ባሌ በበልግም በመኸርም ስንዴ በሚዘራበት አካባቢ ጉዳዩ ይከብዳል፤ ዋጉ ከአንዱ ወቅት ሰብል ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በማሳ ዳር በራሱ የበቀለ ስንዴ ካለም ነቅሎ ማጥፋት ነው።

ልማት ሠራተኛው በየሳምንቱ ማሳ ውስጥ ገብቶ ያያል፤ ከመንገድ ዳር ሆኖ ማየት አይበቃም። ቢጫ ዋግ በቀዝቃዛው ደጋ ቀደም ብሎ፣ በቅጠሉ ርዝመት እንደ መስመር ተሰልፎ ይወጣል። የግንድ ዋግ ሞቅ ሲል ይመጣል፤ በግንዱና በቅጠሉ እግር ላይ የሸክላ ቀለም ያለው፣ ቆዳውን የሚቀድ ቁስል ነው። በጣት ሲዳሰስ ይሻክራል። ፀረ-ዋግ መድኃኒት የሚጠቅመው ምልክቱ ገና ሲጀምር፣ በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ሲረጭ ነው። የመጨረሻው ቅጠል ከተሸፈነ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ይቋቋማል በተባለ ዝርያ ላይ ዋግ ከታየ ሳይዘገይ ለምርምር ማዕከል መታወቅ አለበት። ቁስል ያለበትን ግንድ ጣት በሚያህል ርዝመት ቆርጣችሁ፣ የቅጠሉን ልባስ ገፍፋችሁ፣ በጥላ ካደረቃችሁ በኋላ በወረቀት ኤንቨሎፕ አድርጉት። በፕላስቲክ ከታሸገ ይሻግታል። በኤንቨሎፑ ላይ የዝርያውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጻፉ። የግንድ ዋግ ናሙና ዘሩ የሚለየው በአምቦ ነው።