ከፍርስራሽ የሚቀዳ ዜማ

ጀርመናዊው ሙዚቃ ደራሲ ፌሊክስ ሜንደልሶን እ.ኤ.አ. በጁላይ 1829 ኤዲንብራ በሚገኘው በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት አጠገብ ያለውን አሮጌ ጸሎት ቤት ሲጎበኝ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበር። ጣሪያው ወድቆ፣ ውስጡን ሣርና ሐረግ ወርሶት ነበር። ወጣቱ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ የስኮትላንድ ሲምፎኒውን መነሻ እዚያ እንዳገኘ ነገራቸው፤ ጥቂት የዜማ መስመሮችንም ወረቀት ላይ አሰፈረ። ሲምፎኒው ተጠናቆ ላይፕሲግ ውስጥ የተደመጠው ግን ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1842 ነው።

ግጥም የሌለው ሙዚቃ በዚያ ግንብ ማን እንደኖረ፣ ማን እንደሞተ ሊተርክ አይችልም። ሊያሰማ የሚችለው የቦታውን ጠባይ ነው። ሜንደልሶን መክፈቻውን በዝግታ፣ በማይነር ጻፈው፤ ዜማውን ለኦቦና ለቪዮላ ሰጥቶ ቫዮሊኖቹን መጀመሪያ ላይ ዝም አሰኛቸው። አድማጩ ጥላ የወረደበት ክፍል ውስጥ የገባ ያህል የሚሰማው ከዚህ የመሣሪያ ምርጫ የተነሣ ነው።

ቦታው ራሱ በአፈ ታሪክ ብቻ የሚታወቅ ሲሆንስ? በፈረንሳይ ብሪታኒ ስለ ኢስ ከተማ የሚነገር ጥንታዊ ወግ አለ። ከተማዋ በባሕር ተውጣለች፤ ሆኖም ሰማዩ በጠራ ንጋት ካቴድራሏ ከውኃው ብቅ ትላለች፣ ደወሏም ይሰማል፣ ከዚያም ተመልሳ ትሰጥማለች ይባላል። ሙዚቃ ደራሲው ክሎድ ደቡሲ በ1910 ይህን ወግ ለፒያኖ ብቻ ጻፈው። መክፈቻው ላይ ሰፊ ክፍተት ያላቸው ድምፆች፣ አንዱ ከሌላው ሳይለይ፣ ተያይዘው ወደ ላይ ይወጣሉ። አንድን ድምፅ ከእሱ በላይ ካለው አምስተኛ ድምፅ ጋር አጣምሮ እንዲህ በትይዩ መውሰድ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ሲከለክሉት የኖረ ነገር ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ ግን የተለመደ ነበር። ደቡሲ የተከለከለውን በማንሣቱ አድማጩን በአንድ እርምጃ ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ወሰደው። ፔዳሉ ሲረገጥ ድምፆቹ እርስ በርሳቸው ይደበላለቃሉ፤ ጭጋጉ ከዚያ ይመጣል። መሐል ላይ ካቴድራሏ ሙሉ በሙሉ ስትወጣ ፒያኖው እንደ ኦርጋን ይጮኻል፤ በኋላ ያው ዜማ ዝቅ ብሎ ሲመለስ የግራ እጅ ከሥሩ እንደ ማዕበል ይንከባለላል። ርእሱን ደግሞ ደቡሲ ያሰፈረው ከመጨረሻው ኖታ በኋላ ነው። አድማጩ አስቀድሞ በጆሮው እንዲያይ የፈለገ ይመስላል፤ እጅግ ግሩም ውሳኔ ነው።

የሜክሲኮውን ሙዚቃ ደራሲ ካርሎስ ቻቬዝን የገጠመው ችግር የተለየ ነበር። የአዝቴክ ሕንፃዎች ፍርስራሽ፣ ከበሮዎችና የሸክላ ዋሽንቶች ተርፈዋል፤ ዜማውን ግን በኖታ ያቆየ ሰው አልነበረም። ቻቬዝ በ1940 ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ሾቺፒሊ»ን አቀረበ። ሾቺፒሊ የአዝቴኮች የሙዚቃ፣ የጭፈራና የአበባ አምላክ ነው። በሥራው ውስጥ ስድስት ሰዎች የከበሮና የምት መሣሪያዎችን ሲይዙ አራት ሰዎች የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋሉ፤ ትሮምቦኑ የገባው የባሕር ቀንድ አውጣ መለከትን ድምፅ እንዲተካ ነው። ቻቬዝ ያለፈውን መልሼ አገኘሁ አላለም። ንዑስ ርእሱ ላይ ሙዚቃው በምናብ የተፈጠረ መሆኑን በግልጽ ጻፈ፤ ለጥንቱም ለአድማጩም ያሳየው ትልቅ አክብሮት ይህ ነው።

በካይሮ የተወለደው ሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ደግሞ ስለ አፈ ታሪክም ስለ ጥንታዊ ሕንፃም ጽፏል። በ1958 ለታዋቂዋ የዳንስ ባለሙያ ለማርታ ግራሃም በግሪክ አፈ ታሪክ የምትታወቀውን የንግሥት ክሊተምኔስትራን ታሪክ በሙዚቃ ጻፈ። በጊዛ ፒራሚዶች ምሽት ላይ ለሚቀርበው የብርሃንና ድምፅ ትርዒትም ሙዚቃውን የደረሰው እሱ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። በየአካባቢያቸው ለየብቻ ይደመጡ የነበሩት ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገናና እምቢልታ በአንድ መድረክ ተሰባሰቡ።

ስለ የሐ ወይም ስለ ፋሲል ግቢ በመሣሪያ ብቻ መጻፍ የሚሻ ሙዚቃ ደራሲ ከቻቬዝ የተሻለ ዕድል አለው፤ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ዛሬም ተጫዋች አላቸው። እምቢልታን ብቻ እንውሰድ። የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ስለዚህ አንዱ ነፊ የሚያወጣው ጥቂት ድምፆችን ነው። ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ተራ እየተቀባበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ሲያሟላ ነው። በጥንት ዘመን ነገሥታትን ያጅብ የነበረው ይህ አነፋፈስ በፈረሰ አዳራሽ ላይ ለሚጻፍ ሥራ የተዘጋጀ ስልት ነው፤ ነፊዎቹን ከመድረኩ ጥግና ጥግ አራርቆ ማቆም ብቻ የሕንፃውን ስፋት ያሰማል።