ማኅተሙን አይቶ ሸክላ መምረጥ

የሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ የሚወድ ሰው አንድ ሸክላ እጁ ሲገባ ዓይኑ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በመካከሉ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ላይ ነው። ነጋዴ ለዕቃው ያደረጋት ምልክት ናት ብሎ የሚያልፋትም ብዙ ነው። ነገር ግን ይህች ወረቀት፥ ማለት የአሳታሚው ማኅተም፥ ከምልክትነት የበለጠ ነገር አላት። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፥ «ይህ ድርሰት ይቀረጽ፥ ያኛው ይቅር፤ ኦርኬስትራውን እገሌ ይምራው፥ አዳራሹም ይህ ይሁን» ብሎ ከቆረጠ በኋላ ገንዘብ ያወጣበት ለመሆኑ ምስክር ናት። በአጭሩ ማኅተም ማለት የአንድ ሰው ፍርድ ነው። ዛሬ ሙዚቃው በእጅ ስልክ ስለሚደመጥ ማኅተሟን ልብ ብሎ የሚያያት ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ተማሪውም ሆነ አዲሱ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አንድ የቤቶቨን ሲምፎኒ ፈልጎ ብዙ ቀረጻ ሲደረደርለት የትኛውን እንደሚያዳምጥ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። እኔም የምወዳቸውን ጥቂት የክላሲክ ሙዚቃ አሳታሚዎች ላወሳ የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዕድሜ ከቀደምቶቹ አንዱ ዶይቸ ግራሞፎን ነው። ግራሞፎንን የፈለሰፈው ኤሚል በርሊነር በ1898 በትውልድ ከተማው በሐኖቨር አቋቋመው። ቢጫው ማኅተሙ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ኸርበርት ፎን ካራያን በ1961 እና በ1962 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የቀረጻቸውን ዘጠኙን የቤቶቨን ሲምፎኒዎች ነው። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ይኸው ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ «አርኪቭ» ብሎ የከፈተው የጥንት ሙዚቃ ክፍል ነው። በ1947፥ የጀርመን ከተሞች ገና ፍርስራሽ ሳሉ፥ ዓይነ ስውሩ ሄልሙት ቫልኻ የባኽን የኦርጋን ድርሰቶች በሉቤክ ቤተ ክርስቲያን ይቀርጽ ነበር። ቫልኻ ኖታ ማየት ስለማይችል ሌላ ሰው እያንዳንዱን የዜማ መስመር ለየብቻው ሲጫወትለት እየሰማ በቃሉ ያጠና ነበር። ዳቦ በቸገረበት ዘመን ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ መመደብ ትርፍ ብቻ ከማሰብ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የእንግሊዙ ዴካ ዝና ደግሞ ከጦር ሜዳ የተወለደ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል የጀርመንን ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ከራሱ አገር መርከብ በድምፁ ለይተው የሚያውቁ ሰዎች ማሠልጠን ፈለገ። ልዩነቱ ያለው በጣም ቀጭን በሆነው ድምፅ ውስጥ ስለ ነበር የጊዜው ሸክላ ሊይዘው አልቻለም። የዴካው መሐንዲስ ሚስተር አርተር ሃዲ እስከ 14,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ የሚይዝ አዲስ አቀራረጽ አበጁ። ሰላም ሲሆን ያው ብልሃት ለቫዮሊንና ለዋሽንት ዋለ።

የዚህ ቤት ታላቅ ሥራ ከ1958 እስከ 1965 በቪየና ከተማ በሶፊየንዛል አዳራሽ የቀረጸው የቫግነር «የኒቤሉንግ ቀለበት» ነው። አራት ኦፔራ፥ ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሙዚቃ! ኦርኬስትራውን የመራው ጌኦርግ ሾልቲ ሲሆን የቀረጻው ኃላፊ ሚስተር ጆን ካልሾ ነበሩ። ቫግነር በመጀመሪያው ኦፔራ ውስጥ፥ ብረት ቀጥቃጭ ብረቱን አሳርፎ የሚመታበት መስፍ በቁጥር 18 እንዲደወል ጽፏል። የኦፔራ ቤቶች ብዙ ጊዜ ይህን በጥቂት ብረት ወይም በሌላ ማስመሰያ ያልፉታል። ሚስተር ካልሾ ግን 18 እውነተኛ መስፍ አስፈልገው አስመጡ። ፍርድ ያልሁት ይህን ነው። አዳራሹ በ2001 በእሳት ጋየ፤ የመስፎቹ ጩኸት ግን ከነአዳራሹ ማስተጋባት በሸክላው ላይ ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የመዋዋጥ ታሪክ ነው። ዴካ በ1980 ዶይቸ ግራሞፎንና ፊሊፕስ ወዳሉበት ወደ ፖሊግራም ገባ፤ ፖሊግራምም በ1998 ተሸጦ በዩኒቨርሳል ሥር ዋለ። በ1931 ኤልጋር ራሱ ኦርኬስትራ እየመራ የተከፈተው የአቤይ ሮድ ስቱዲዮ ባለቤት ኢ.ኤም.አይ. በ2012 ተሸጠ፤ የክላሲክ ክፍሉም በማግሥቱ ዓመት ለዋርነር ደረሰ። ስሞቹ አብዛኞቹ ዛሬም አሉ። ቀድሞ ይወዳደሩ የነበሩት ግን አሁን በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ።

በዚህ መካከል ከትልልቆቹ ውጭ የተነሡ አሉ። ክላውስ ሃይማን የተባሉ ጀርመናዊ በ1987 በሆንግ ኮንግ ናክሶስን ሲያቋቁሙ ሐሳባቸው ቀላል ነበር፤ ዝነኛ ላልሆነ ጥሩ ኦርኬስትራ አነስተኛ ገንዘብ ከፍሎ፥ ሲዲውን ከሌላው እጅግ ባነሰ ዋጋ መሸጥ። ትልልቆቹ ሳቁባቸው። ኪሱ የሳሳ ተማሪ ግን አልሳቀም።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሃይፐሪየን ነው። ሚስተር ቴድ ፔሪ ይህን ቤት በ1980 በለንደን ሲጀምሩ ገንዘብ ስላልነበራቸው ማታ ማታ ታክሲ እየነዱ ነበር ወጪውን የሚሸፍኑት። በቀጥሎው ዓመት ያስቀረጹት ደግሞ ነጋዴ ሁሉ «ማን ይገዛዋል?» የሚለውን ነው፤ በ12ኛው መቶ ዓመት በጀርመን የሴቶች ገዳም እመምኔት የነበሩት የሂልዴጋርድ ዘቢንገን መዝሙሮችን። ኤማ ከርክቢና ጎቲክ ቮይስስ የተባለው ቡድን፥ በክሪስቶፈር ፔጅ መሪነት፥ ዘመሩት። ሸክላው እንደ ጉድ ተሸጠ፤ ቤቱም በእግሩ ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገበያው ከተገኘ ዘንድ እያለ ያንኑ ይደጋግም ነበር። ሚስተር ፔሪ ግን ትርፉን ይበልጥ ትርፍ ለማያመጣ ሥራ አዋሉት። የሹበርት መዝሙሮች ከስድስት መቶ በላይ ናቸው፤ ፒያኒስቱ ግሬም ጆንሰን ዘፋኞቹን እየመረጠ ሁሉንም በ37 ሲዲ አወጣቸው። ሌስሊ ሃዋርድ የሊስትን የፒያኖ ድርሰት በሙሉ ተጫወተ፤ ተጠቅልሎ ሲወጣ 99 ሲዲ ሆነ።

ሚስተር ፔሪ በ2003 ሲሞቱ ቤቱ ለልጃቸው ለሳይመን ተረፈ፤ ወዲያውም ክስ ተከተለ። ሊዮኔል ሳውኪንስ የተባሉ የሙዚቃ ሊቅ፥ በ1726 የሞተውን የፈረንሳዊውን የላላንድን ድርሰቶች ስሕተቱን አርመው፥ የጎደለውን የቪዮላ ክፍል ሞልተው ለቀረጻ አዘጋጅተው ነበርና የደራሲነት መብት ጠየቁ። ሃይፐሪየን፥ ሙዚቃው የላላንድ ነው፥ ያረመው ሰው ደራሲ አይባልም ሲል ተከራከረ። በ2004 ተፈረደበት፤ ይግባኝ ቢልም በ2005 ፍርዱ ጸና። የጠበቃውና የፍርድ ቤቱ ወጪ ትንሹን ቤት ክፉኛ ጎዳው። እኔ ፍርዱን አልነቅፍም፤ የሊቁ ድካም እውነተኛ ድካም ነበር። የሚያሳዝነው ሁለቱም ወገኖች የተረሳ ሙዚቃ ከመቃብር እንዲወጣ የሚደክሙ መሆናቸው ነው። ሰባት መቶ ሠራተኛ ያለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን ወጪ በቁና አፍሶ ያልፈዋል፤ ትንሹ ግን የሚከፍለው በሚቀጥለው ዓመት ሊቀርጸው ካሰበው ሙዚቃ ላይ ቀንሶ ነው።

በ2023 ሃይፐሪየንም ለዩኒቨርሳል ተሸጠ። ከዚያ በፊት ሙዚቃውን በስልክ በሚደመጡት አገልግሎቶች ላይ አላወጣም ብሎ ብዙ ዓመት ጸንቶ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ማድመጥ የሚከፈለው ገንዘብ ለአንድ ቀረጻ ከሚወጣው ጋር አይመጣጠንም ይል ነበር። በተሸጠበት ዓመት በሩ ተከፈተ። በአንድ በኩል ታክሲ እየነዳ የሚያስቀርጽ ሰው የጀመረው ቤት በዴካና በዶይቸ ግራሞፎን ጎን መሰለፉ ቅር ያሰኛል። በሌላ በኩል ሲዲውን ከለንደን ማስመጣት የማይችል ተማሪ ዛሬ በመኝታ ቤቱ ሆኖ ያንኑ ሙዚቃ ይሰማል፤ ይህን ደግሞ ጉዳት ነው ማለት አልችልም። እንግዲህ ከየት ልጀምር ለሚል ሰው፥ ከ37ቱ የሹበርት ሲዲዎች የመጀመሪያውን፥ ጃኔት ቤከር የዘፈነችበትን፥ አመለክታለሁ።