ቀይዋ መኪና 50 ሺህ ብሬን ይዛ ቀረች!

ዛሬ የማጫውታችሁ የፍቅር ጉዳይ ነው፡፡ የሰው ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና ነው! «ደግሞ መኪና ይፈቀራል እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ገና አልተነካችሁም ማለት ነው፡፡ እኔ ተነክቼ ነበር፡፡ ሒሳቡንም ከፍያለሁ፤ ጥሬ 50 ሺህ ብር!

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ዓመታት ሙሉ እቁብ ጥዬ፣ ከደመወዜም ቆንጥሬ 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር አጠራቀምኩ፡፡ አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ታላቅ እህቴ ደግሞ 1 ሚሊዮን ጨመረችልኝ፡፡ አደራዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «አባባ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳይቆም፡፡» አባታችን ጉልበቱን ስለሚያመው በየሁለት ሳምንቱ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፡፡

ልብ ግን አደራ መች ያውቃል? አንድ ቅዳሜ አንዱ ደላላ «ብራዘር፣ ላንተ የምትሆን ዕቃ አለችኝ» ብሎ ወሰደኝ፡፡ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ከመሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት፣ ጎማዋ ስስ፣ ቸርኬዋ ሰፊ፣ ያገለገለች የቤንዚን መኪና፡፡ ሞተሯ ሲነሣ ደረቴ ውስጥ የተነሣ ነው የመሰለኝ! «ዛሬ ካልያዝካት ነገ የለችም» አለኝ፡፡ ዋጋዋ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው ተባልኩ፡፡ አንድ ብር እንኳ ሳልከራከር 50 ሺህ ብር ቀብድ አስያዝኩ፡፡

እሑድ አባባን ላሳየው ወሰድኩት፡፡ ጎንበስ ብሎ እንደምንም ገባ፡፡ ለመውጣት ግን… እኔ በአንድ እጁ፣ ደላላው በሌላው ይዘን ጎትተን አወጣነው፡፡ ኮቱን አስተካከለና ሣቀ፡፡ «ቆንጆ ናት ልጄ፤ እኔ ነኝ ለእሷ ያረጀሁት» አለ፡፡

ማታ እህቴ ደወለች፡፡ «አባባ ወደዳት?» አለችኝ፡፡ ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልኩ፡፡ እሷም ዝም አለች፡፡ በማግስቱ ሄጄ «ይቅርብኝ» አልኩ፡፡ ቀብዱስ? ቀብዱማ ቀረ!

ሕጉም ቢሆን ከሻጩ ጋር ነው፡፡ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት በውሉ ላይ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል፡፡ ይህን እኔ ያወቅሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው፤ እናንተ በነፃ እወቁት፡፡

መልክ ወይስ ጥቅም?

ንዴቴ ሲበርድልኝ የሠፈራችን መካኒክ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ፡፡ ከሣቀብኝ በኋላ አስተማረኝ፡፡

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፡፡ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል፡፡ ደላላው የዘረዘረልኝ የፈረስ ጉልበት እንግዲህ ለቆላ አየር የተሰላ ነበር! ዝቅ ያለች መኪና ደግሞ በየሠፈሩ ባለው ጉብታ ላይ ሆዷን ስትፋቅ ትውላለች፡፡ ስስ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ምቱን የሚያበርድለት ጎን ስለሌለው ቸርኬው ይጣመማል፤ አሞርዛተሩም ቶሎ ይደክማል፡፡ የቪትስና የኮሮላ ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል፤ የእንደዚህ ዓይነቷ ግን ሲጠፋ ሰው ልኮ ከውጭ ማስመጣት ነው፡፡

«ታዲያ ፍጥነት የሚወድ ሰው ምን ይሁን?» አልኩት፡፡ «ኤሌክትሪክ ግዛ» አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፡፡ በ2016 ዓ.ም መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲስ መኪና ሲባል ኤሌክትሪክ ማለት ሆኗል፡፡ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው አያደክመውም፡፡ ጉልበቱንም ገና ከቆመበት ሲነሣ ጀምሮ ይሰጣል፡፡ ስለዚህ ባለ አራት በሯ፣ ወንበሯ ከፍ ያለው፣ «የቤተሰብ» የምትባለዋ መኪና እንኳ መብራት ሲለቅ ተስፈንጥራ ትወጣለች፡፡ የእኔ ልብና የአባባ ጉልበት በአንድ መኪና ታረቁ ማለት አይደል?

ወደ ክርክሩ እንግባ

አሁን ኪሴ ውስጥ ያለው 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ነው፡፡ የመረጥኳት መኪና ዋጋ ደግሞ 2 ሚሊዮን 950 ሺህ! መከራከር ግዴታዬ ሆነ፡፡ በዚህ ጊዜ ደላላ አልያዝኩም፡፡ ሦስት መሸጫዎች ዞርኩና ዋጋቸውን በወረቀት አጻፍኩ፡፡ አንደኛው ከሁሉም ረክሶ አገኘሁትና ደስ አለኝ፡፡ ኋላ ስጠይቅ ለካ ታክሱ አልተጨመረበትም! ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ዋጋው ምን ምን ይጨምራል?» ይሁን፡፡

ሻጩ «ወንድሜ፣ ዶላሩን እያየኸው ነው፤ ነገ ይጨምራል» አለኝ፡፡ አልዋሸም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል፡፡ እኔ ግን ዲክላራሲዮኑን አሳየኝ ብዬ ቀኑን አየሁ፡፡ መኪናዋ ከገባች አምስት ወር ሆኗታል፡፡ «ወንድሜ፣ ይቺ እኮ የገባችው በዚያን ጊዜው ዶላር ነው፤ ቆማም ገንዘብህን ይዛብሃለች» አልኩት፡፡ ዝም አለ፡፡

አባባ ደግሞ በዚህ መሐል በሩን ራሱ ከፍቶ ገብቶ፣ ማንም ሳይደግፈው ወጥቷል፡፡ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፡፡ እሱ ግን ሻጩ እየሰማ «ልጄ፣ ቀለሟ አላማረኝም» አይል መሰላችሁ! ዞር ብሎም ጠቀሰኝ፡፡ አመስግነን ተነሣን፡፡ በሩ ላይ ስንደርስ «ኑ እስኪ፣ እንነጋገር» የሚል ድምፅ ተከተለን፡፡

በ2 ሚሊዮን 790 ሺህ ተስማማን፡፡ ከዚህ በላይ አልቀንስም ሲል «እንግዲያው መርቅልኝ» አልኩት፤ የቤት ቻርጀሩንና የሰሌዳውን ወጪ መረቀልኝ፡፡ የተረፈችኝ 60 ሺህ ለኢንሹራንስ ሆነች፡፡

እናንተም ልብ በሉ

1. ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ለሻጭ አትንገሩ፡፡ «ስንት ይዘሃል?» ሲላችሁ «ዋጋህን ልስማ» በሉት፡፡

2. በመኪናዋ የሚመላለሰው ሰው ሳይቀመጥባት ቀብድ አትክፈሉ፡፡

3. ባትሪው ቢበላሽ ማን ነው ኃላፊው? ስንት ዓመት? በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በማኅተም ተቀበሉ፡፡

4. የቻርጅ መሰኪያውን እዩ፡፡ ለቻይና ገበያ የተሠራችው መሰኪያዋ ከአውሮፓው የተለየ ነው፡፡ በቻይና መለኪያ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ትሄዳለች» የተባለውንም ቀነስ አድርጋችሁ አስቡት፡፡

5. «ደረሰኙን ቀንሰን እንጻፈው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፡፡ ነገ ክርክር ቢመጣ የሚመሰክርላችሁ የተጻፈው ብር ብቻ ነው፡፡

ያን ዕለት ማታ እህቴ ደወለች፡፡ «አባባ ወደዳት?» አለችኝ እንደገና፡፡ አሁን እኔ ምን አገባኝ? ስልኩን ለአባባ ሰጠሁት፡፡ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ወንበሩ ብቻ ሲያወራ አመሸ፡፡

ቀይዋን አንዳንዴ ሕልሜ ውስጥ አያታለሁ፡፡ በሕልም ግን ቀብድ አይከፈልም፡፡ ቸር ሰንብቱ!